ፕሮግራሞች በአንድ ግቢ ውስጥ እንዴት ይፈላለጋሉ?

(ይህ ጽሑፍ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ለሶፍትዌር ባለሙያዎችና ለተማሪዎች ያቀረብኩት ንግግር ነው። በቃል የተባለው ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)

ክቡራትና ክቡራን፣

ፒያሳ በሚገኝ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ኮምፒውተር እጠግንለት በነበረ አንድ ቢሮ ውስጥ፣ ፕሪንተሩ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት ነበር። በወረቀቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «192.168.1.105» ተብሎ ተጽፏል። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ወይም ኮምፒውተር ሲቀየር ያንን ቁጥር ከወረቀቱ እያዩ ማስገባት የቢሮው ሥርዓት ነበር። አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ቢመለስም ከስምንቱ ኮምፒውተሮች አንዱም ማተም አቃተው። ፕሪንተሩ በርቷል፤ ቀለምም ወረቀትም አለው፤ ገመዱም ተሰክቷል። ወደ ራውተሩ ገብቼ ስመለከት ግን 105 የተባለው ቁጥር የአንዲት የሒሳብ ሠራተኛ የእጅ ስልክ ሆኖ አገኘሁት። ራውተሩ መብራቱ ሲጠፋበት ለማን ምን እንደሰጠ ረስቷል፤ መብራት ሲመጣ ደግሞ ስልኩ ከፕሪንተሩ ቀድሞ ቁጥር ጠየቀና ተሰጠው። ስለዚህ ስምንቱ ኮምፒውተሮች የክፍያ ደብዳቤዎቻቸውን ወደ አንድ የእጅ ስልክ ሲልኩ፣ ስልኩም ይህን የሚቀበል የለም እያለ ሲመልሳቸው ነው ያመሹት።

ዛሬ የምናገረው በዚያ ወረቀት ላይ ስለነበረው ስሕተት ነው። ስሕተቱ ቁጥሩ አልነበረም፤ ቁጥሩ በተጻፈበት ቀን ትክክል ነበር። ስሕተቱ በተውሶ የተገኘን ነገር እንደ ርስት መቁጠሩ ነው። በአካባቢ ኔትወርክ ውስጥ፣ ማለትም ዛሬ «ግቢ» በምለው በአንድ ቢሮ ወይም ቤት ኔትወርክ ውስጥ፣ አድራሻ የተውሶ ነገር ስለሆነ፣ አንድ ፕሮግራም ሌላውን መፈለግ ያለበት በሚሰጠው አገልግሎትና በስሙ ነው እላለሁ። ይህን የሚያስችለው አሠራር ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬ በየስልካችንና በየላፕቶፓችን ውስጥ ተጭኖ ተቀምጧል፤ እኛ ግን ዛሬም ወረቀት እንለጥፋለን።

መጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ልግለጽ። በቢሮም ሆነ በቤት የምናያቸው በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምሩ አድራሻዎች እ.ኤ.አ. በ1996 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በዚሁ አቆጣጠር ነው) ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የተከለሉ ናቸው፤ በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ግቢ ደጋግሞ ሊጠቀምባቸው ይችላል። የሚያድላቸው ዲኤችሲፒ የተባለው ፕሮቶኮል፣ ማለትም የመሣሪያዎች መነጋገሪያ ደንብ፣ ሲሆን፣ የሚያድለውም በጊዜ ገደብ ነው። ለዚህ እደላ የተሰጠው የእንግሊዝኛ ስያሜ፣ «ሊዝ»፣ ራሱ የኪራይ ውል እንደማለት ነው። ውሉ ሲያልቅ ወይም አከራዩ መዝገቡን ሲያጣ ቤቱ ለሌላ ተከራይ ይሰጣል።

ከዚህ ቁጥር ሥር ደግሞ በኔትወርክ ካርዱ ላይ የተቀረጸው የማክ አድራሻ አለ። በአንድ ግቢ ውስጥ ፓኬት፣ ማለትም የሚላክ የመረጃ ጥቅል፣ በትክክል ለባለቤቱ የሚደርሰው በማክ አድራሻ ነው። ታዲያ አንዱ ኮምፒውተር የሌላውን ቁጥር ይዞ የማክ አድራሻውን እንዴት ያገኛል? ዴቪድ ፕላመር በ1982 የጻፈው ኤአርፒ የተባለው ፕሮቶኮል ለዚህ የሚሰጠው መልስ ለእኛ ለአዲስ አበቤዎች እንግዳ አይደለም። እኛም ሰው ስንፈልግ የቤት ቁጥር አንጠይቅም፤ «ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ» ተብለን ግቢው በር ላይ ከደረስን በኋላ «እገሌ አሉ?» ብለን እንጣራለን። ኤአርፒም እንዲሁ ይጣራል። የኔትወርክ መመልከቻ ፕሮግራም ብትከፍቱ «105 ማን ነው? ለ20 ይንገር» የሚል ጥሪ ለሁሉም ሲተላለፍ ታያላችሁ፤ መልሱን የሚሰጠው ግን 105 የሆነው መሣሪያ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰምቶ ዝም ይላል።

መሣሪያው ከተገኘ በኋላ በውስጡ ካሉት ብዙ ፕሮግራሞች የትኛው ነው የሚፈለገው የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ይህን የሚመልሰው የፖርት ቁጥር ነው። የአንድ ፎቅ የቢሮ ቁጥር እንደማለት ነው፤ እስከ 65,535 ይደርሳል። ድረ ገጽ በ80፣ ዘመናዊው የሕትመት ፕሮቶኮል በ631፣ ጥሬ ሕትመት ደግሞ በተለምዶ በ9100 ይቀበላል። ሁለቱ ፕሮግራሞች በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ቢሆኑ እንኳ፣ ኮምፒውተሩ ራሱን በሚጠራበት አድራሻ፣ በ127.0.0.1 በኩል፣ በዚሁ መንገድ ይነጋገራሉ። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

የማልቸኩለው በጥሪው ላይ ነው፤ ምክንያቱም የመፈላለግ ነገር ሁሉ የሚያርፈው ማን ለማን ይጣራል በሚለው ላይ ነው። የድሮ የአዲስ አበባ ሰፈር ውስጥ ያደገ ሰው የእድር ጡሩንባ ያውቃል። ጡሩንባ ነፊው ገና ሳይነጋ በየመንገዱ ሲያልፍ የእድሩ አባል የሆነውም ያልሆነውም ከእንቅልፉ ይነቃል፤ አባል ያልሆነው «የእኛ አይደለም» ብሎ ተመልሶ ይተኛል፤ እንቅልፉ ግን ተቋርጧል። ብሮድካስት የሚባለው አሠራር ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ፓኬት በግቢው ያለውን ኮምፒውተር ሁሉ ይቀሰቅሳል። መልቲካስት የሚባለው ደግሞ ጡሩንባው ያው ሆኖ አባል ያልሆነው ሰው ጆሮ እንዳይሰማው የተደረገበት ነው። አንድ ፕሮግራም «እኔ የዚህ ማኅበር አባል ነኝ» ብሎ ለኔትወርክ ካርዱ ያስመዘግባል፤ ለማኅበሩ የተላከ ፓኬት ሲመጣ ካርዱ ያሳልፈዋል፤ አባል ባልሆነው ማሽን ላይ ግን ፕሮሰሰሩን ሳይነካ እዚያው ካርዱ ላይ ይጣላል። የዛሬው ርእሳችን ዋና ማኅበር አድራሻው 224.0.0.251፣ ፖርቱም 5353 ነው። ፕሮቶኮሉ ኤምዲኤንኤስ ይባላል፤ ፍቺውም በመልቲካስት የሚሠራ ዲኤንኤስ ማለት ነው።

ዲኤንኤስ ራሱ፣ ማለትም ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ሥርዓት፣ በ1983 በፖል ሞካፔትሪስ የተነደፈ ሲሆን ኢንተርኔትን እስከ ዛሬ ተሸክሞ ይኖራል። ነገር ግን መዝገብ የሚይዝ ሰርቨርና መዝገቡን የሚያስተካክል ባለሙያ ይፈልጋል፤ ስምንት ኮምፒውተር ባለው የፒያሳ ቢሮ ደግሞ ሁለቱም የሉም። የሚገርመው፣ በ1980ዎቹ አፕልቶክ በተባለው የአፕል ኔትወርክ ላይ ይህ ችግር አልነበረም። ሰው ፕሪንተሩን ከዝርዝር በስሙ መርጦ ያትም ነበር። ዓለም ሁሉ የኢንተርኔት መሠረት ወደሆነው ፕሮቶኮል፣ ወደ አይፒ፣ ሲዞር ያ ምቾት ቀረና ወረቀት መለጠፍ መጣ። ስቱዋርት ቼሻየርና ባልደረቦቹ የጠፋውን ምቾት በአይፒ ላይ ለመመለስ ደከሙ፤ አፕልም በ2002 «ራንዴቩ» ብሎ ከማክ ኦኤስ ኤክስ 10.2 ጋር አወጣው፤ በንግድ ምልክት ክርክር ምክንያት በ2005 ስሙ «ቦንዡር» ተባለ። በሊኑክስ ላይ «አቫሂ» የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ተመሳሳዩን ሥራ ይሠራል፤ ስሙ በማዳጋስካር ከሚኖር ትንሽ እንስሳ የተወሰደ ነው። መደበኛ ሰነዶቹ፣ አርኤፍሲ 6762 እና 6763፣ በቼሻየርና በማርክ ክሮክማል ስም የወጡት ግን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ነው። ነገሩ ከአሥር ዓመት በላይ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው የተጻፈው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ቅደም ተከተል እኔ በግሌ እወደዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንግባ። መገናኛ የታክሲ ተራ ላይ ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ብሎ ሲጣራ የታርጋ ቁጥሩን አይናገርም፤ የሾፌሩንም ስም አይናገርም። ተሳፋሪው የሚፈልገው አገልግሎቱን ነው፤ የትኛው መኪና እንደሚወስደው ግድ የለውም። ሰነድ 6763 የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። አንድ ፕሮግራም «የሕትመት አገልግሎት የምትሰጡ በዚህ ግቢ እነማን ናችሁ?» ብሎ ለማኅበሩ ይጠይቃል፤ የሚሰጡት ሁሉ ስማቸውን ይመልሳሉ። ተጠቃሚው ከስሞቹ አንዱን ሲመርጥ ብቻ «ይህ ስም ያለው በየትኛው ማሽን፣ በየትኛው ፖርት ነው?» የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል፤ ከዚያም የማሽኑ አድራሻ ይጠየቃል። ከመልሱ ጋር በቀለም ያትማል ወይስ አያትምም፣ የትኛውን ዓይነት ፋይል ይቀበላል የሚሉ አጫጭር መግለጫዎች አብረው ይመጣሉ። ልብ በሉ፤ ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው ስሙን ነው፤ አድራሻው በእያንዳንዱ ጊዜ እንደገና ይጠየቃል። ከመብራት መጥፋት በኋላ አድራሻው 105 ይሁን 112 ለውጥ የለውም።

አንድ ፕሪንተር ሲበራ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንየው። ፕሪንተሩ ስሙን ወዲያው አያውጅም። አስቀድሞ ከሰከንድ ሩብ የማይበልጥ፣ ልኩ በዕጣ የሚወሰን ጊዜ ይታገሳል፤ ይህም መብራት መጥቶ ሁሉም መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሲነሣ እንዳይጯጯኹ ነው። ከዚያ «በዚህ ስም የሚጠራ አለ?» ብሎ በ250 ሚሊሰከንድ ልዩነት ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ባለቤት ከተገኘ ፕሪንተሩ ራሱ ስሙን ይቀይራል፤ በዝርዝራችሁ ላይ ከስም ቀጥሎ በቅንፍ ቁጥር 2 ስታዩ የዚህ ስምምነት ውጤት ነው። ማንም መልስ ካልሰጠ ስሙ የእርሱ ይሆናል፤ ቢያንስ ሁለት ጊዜም በአንድ ሰከንድ ልዩነት ለሁሉም ያስታውቃል። በሥርዓት ሲጠፋም ዕድሜው ዜሮ የሆነ የስንብት መልእክት ይልካል። መብራት በድንገት ሲሄድበት ግን አይሰናበትም። የአገልግሎት ዝርዝር በሌሎች ማሽኖች ትዝታ ውስጥ እስከ 75 ደቂቃ ሊቆይ ይችላል፤ የማሽኑ አድራሻ ግን በ120 ሰከንድ ያረጃል። በዝርዝር ላይ እየታየ ሲነኩት የማይከፈት ፕሪንተር ያጋጠማችሁ ሰዎች ያያችሁት የዚህን ልዩነት ነው።

የዚህን ፕሮቶኮል ጨዋነት ሳላደንቅ አላልፍም። ጠያቂው አስቀድሞ የሚያውቃቸውን መልሶች ከጥያቄው ጋር አብሮ ይልካል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ስሙን ያየ መልስ ሰጪ ዝም ይላል። ብዙዎች ሊመልሱት የሚችሉት ጥያቄ ሲሆን እያንዳንዱ ከ20 እስከ 120 ሚሊሰከንድ በዕጣ ይታገሳል። አለቃ በሌለበት ስብሰባ ተራ ጠብቆ መናገርን በእንዲህ ያለ ጥንቃቄ የደነገገ ሌላ ሰነድ ብዙ አላየሁም።

ስለ ስም ካነሣን ለእኛ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። የአገልግሎት ስም ዩቲኤፍ-8 በተባለው፣ የዓለምን ፊደላት ወደ ባይት በሚለውጠው ስልት ስለሚጻፍ በአማርኛ ሊሆን ይችላል፤ ክፍተትም ይፈቀዳል። ገደቡ 63 ባይት ነው። በላቲን ፊደል 63 ሆሄ ማለት ነው፤ የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ስለሚወስድ 21 ሆሄ ብቻ ይሆናል። በዚያ ቢሮ «የሒሳብ ክፍል ፕሪንተር» ብዬ ሰየምኩት፤ 38 ባይት ነው፣ በደህና ገባ። «የፋይናንስና ግዥ ዳይሬክቶሬት ዋና ፕሪንተር» ልትሉት ብትፈልጉ ግን 73 ባይት ስለሚሆን አይገባም። ረጅም የመሥሪያ ቤት ማዕረግ የሚወዱ ሰዎች በዚህ ሊያዝኑ ይችላሉ። በነገራችን ላይ ከስምንቱ ሁለቱ ኮምፒውተሮች አሮጌ ስለነበሩ ይህን አሠራር አላወቁትም፤ ለእነርሱ ሲባል ራውተሩ ላይ የፕሪንተሩን ማክ አድራሻ ከአንድ ቁጥር ጋር አሰርኩት።

መፈላለጉ ከተሳካ በኋላ መነጋገሩ ይቀጥላል፤ እዚህ ላይ ግን የራሴን ስሕተት መናገር አለብኝ። ሁለት ፕሮግራሞች ቲሲፒ በተባለው የመላላኪያ ፕሮቶኮል ሲገናኙ የሚያገኙት እንደ ቧንቧ ውኃ የማይቋረጥ የባይት ፍሰት ነው፤ አንዱ መልእክት የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ቲሲፒ አይናገርም። ስለዚህ ጸሐፊው ራሱ ድንበር ማበጀት አለበት። እኔም ከእያንዳንዱ መልእክት በፊት ርዝመቱን በአራት ባይት እንዲጽፍ የመጋዘን ዕቃ ቆጠራ ፕሮግራም ሠራሁ። በእንግሊዝኛ ቃላት ስፈትነው ለሳምንት ያለ እንከን ሠራ። የመጋዘን ሠራተኛው «ደረሰ» ብሎ በአማርኛ በጻፈ ቀን ግን ሁለቱም ማሽኖች ደነዘዙ። የቆጠርኩት ሆሄ ነበር፤ ሦስት ብዬ ጻፍኩ፤ የተላከው ግን ዘጠኝ ባይት ነው። ተቀባዩ ሦስቱን ባይት አንብቦ «ደ» አለና፣ ቀጥሎ ያሉትን አራት ባይቶች፣ ማለትም «ረ»ን ሙሉውንና የ«ሰ»ን መጀመሪያ፣ የሚቀጥለው መልእክት ርዝመት አድርጎ ወሰዳቸው። የፊደላችን ሆሄያት በዩቲኤፍ-8 ሲጻፉ የመጀመሪያ ባይታቸው 225 ስለሆነ፣ ያ ርዝመት ከ3.7 ቢሊዮን በላይ ሆነ። ተቀባዩ ያንን ያህል ባይት እስኪመጣለት በትዕግሥት ይጠብቅ ነበር። ሁለት ቀን ገመድ ስቀያይርና ስዊች ስወቅስ ከቆየሁ በኋላ ነው ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ያየሁት። ፕሮግራማችሁን በአማርኛ ጽሑፍ ሳትፈትኑ ለሰው አትስጡ።

ዩዲፒ የተባለው ሌላው የመላላኪያ ፕሮቶኮል በአንጻሩ የመልእክቱን ድንበር ይጠብቃል፤ እንዲደርስ ግን ዋስትና አይሰጥም። ለመፈላለግ ዩዲፒ፣ ፋይልና ሰነድ ለመላክ ቲሲፒ መምረጥ የተለመደ ነው።

ቴሌቪዥኖችና የቤት ራውተሮች የሚጠቀሙበት ኤስኤስዲፒ የተባለ ሌላ መፈላለጊያም አለ፤ ማኅበሩ 239.255.255.250፣ ፖርቱ 1900 ነው። ወደ ኢንተርኔት ክፍት ሆኖ ሲገኝ አጥቂዎች ትንሽ ጥያቄ ልከው ትልቅ መልስ በሌላ ሰው ላይ የሚያዘንቡበት መሣሪያ ስለሆነ፣ ራውተራችሁ በውጭው በኩል እንዳይመልስ አረጋግጡ።

«እቤት የሠራው ለምን ካፌ ውስጥ እምቢ አለ?» የሚለው ጥያቄ ዘወትር ይቀርብልኛል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። ከ224.0.0 የሚጀምር መልቲካስት በራውተር አይሻገርም፤ ከግቢው አጥር ውጭ አይሰማም። ሠራተኞች በአንድ ኔትወርክ፣ ፕሪንተሩ በሌላ ኔትወርክ ላይ ከሆኑ በመካከላቸው ጥሪውን የሚያስተላልፍ ልዩ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ብዙ የሆቴልና የካፌ ዋይፋይ እንግዶች እርስ በርሳቸው እንዳይተያዩ ሆን ብሎ ይለያያቸዋል፤ ተገቢም ነው። ሦስተኛ፣ በዋይፋይ ላይ መልቲካስት የሚተላለፈው ሩቅ ያለውም እንዲሰማ በዝቅተኛ ፍጥነት ሲሆን፣ ደረሰ የሚል ማረጋገጫም የለውም። ሰው በበዛበት አዳራሽ ጥሪው መንገድ ላይ ይቀራል። የአንድሮይድ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ደግሞ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ መልቲካስትን ሊያጣራ እንደሚችል ማወቅና ፈቃዱን በኮዳቸው መያዝ አለባቸው።

የመጨረሻው ጉዳይ እምነት ነው። ለማኅበሩ ጥሪ ማንም መልስ መስጠት ይችላል፤ «የሒሳብ ክፍል ፕሪንተር እኔ ነኝ» የሚል ላፕቶፕ ቢነሣ ፕሮቶኮሉ መታወቂያ አይጠይቀውም። ስለዚህ መፈላለጊያው የሚነግራችሁ ማን እንዳለ ሳይሆን ማን አለሁ እንዳለ ነው፤ ማንነትን ማረጋገጥ ከዚያ በኋላ በሚደረገው ንግግር ውስጥ፣ በምስክር ወረቀት ወይም ቴሌቪዥኑ ላይ በሚታይ የማጣመሪያ ቁጥር መከናወን አለበት። ከ2020 ወዲህ አይፎን አንድ መተግበሪያ በአካባቢ ኔትወርክ ያሉ መሣሪያዎችን ለመፈለግ ሲሞክር ባለቤቱን ፈቃድ የሚጠይቀውም በሌላው ጫፍ ያለ ሥጋት ስላለ ነው፤ በቤታችሁ ያሉት መሣሪያዎች ዝርዝር ስለ እናንተ ብዙ ይናገራል።

ባለፈው ሳምንት ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ከብሔራዊ ቴአትር ብዙም ሳልርቅ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ማኅበሩን ለአምስት ደቂቃ አዳመጥኩ። እንግዶቹን የሚለያይ አልነበረም። በሙሉ ስም የተሰየሙ ላፕቶፖች፣ የካፌው የሒሳብ ማሽን፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ስም ከነክፍሉ የያዘ ኮምፒውተር ተራ በተራ ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ አየሁ። ከዝርዝሩ መካከል የእኔም ላፕቶፕ ነበር፤ ስሜን ከነአባቴ ስም ለካፌው ሁሉ እየተጣራ። ቡናዬን ሳልጨርስ ቀየርኩት።